አብሮ አደጎች በገና ሰሞን፤ አንድ ፊልም ወደ ዲጋ ቢመጣ

የገና የቴሌቪዥን የፍቅር ፊልም የሚባለው፣ ሲኒማ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ለቤት ተመልካች ተብሎ የሚሠራ፣ ከነማስታወቂያው ሁለት ሰዓት የሚፈጅና በዓሉ ሲቃረብ የተገናኙ ሁለት ሰዎች በዓሉ ሲገባ ተሳስመው የሚያልቅ የድራማ ዓይነት ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። በዚህ ሙያ ከሁሉ ቀድሞ ስሙ የሚጠራው ሆልማርክ እ.ኤ.አ. በ1910 በካንሳስ ሲቲ ፖስታ ካርድ በመሸጥ የተጀመረ ኩባንያ ነው። ሰው ለወዳጁ በገዛ እጁ ለመጻፍ የሚያፍረውን ቃል እያተመ በመሸጥ የከበረው ይህ ኩባንያ፣ በ1951 በፈረንጆች የገና ዋዜማ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተደረሰውን የመጀመሪያውን ኦፔራ፣ ማለትም ከመነሻ እስከ መድረሻ በዜማ የሚተወን ቴአትር፣ ወጪውን ችሎ አቀረበ፤ በ2001 በስሙ የሚጠራ ጣቢያ ከፈተ፤ ከ2009 ጀምሮም ለገና ቀን እየቆጠረ የሚዘልቅ የተለየ የፊልም ወቅት ዘረጋ። በ2019 ብቻ 40 አዳዲስ የገና ፊልሞች ማቅረቡን የሰማ ኢትዮጵያዊ፣ ቁጥሩ ከጾመ ነቢያት ቀናት በጥቂቱ ብቻ የሚያንስ መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም፤ በቀን አንድ ፊልም እያየ ጾሙን የሚገፋ ሰው ቢኖር፣ ፊልሙ የሚያልቅበት በዓሉ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ነው።

የፊልሙ ሕግ የጸና ነው። በትልቅ ከተማ የምትኖር፣ ስልኳ የማያርፍና ሱፍ ከማያወልቅ እጮኛ ጋር የተሳሰረች ሴት በአንድ ምክንያት ወደ ተወለደችበት ትንሽ ከተማ ትመለሳለች፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ሊዘጋ የደረሰ የቤተሰብ ዳቦ ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም የገና ዛፍ እርሻ ነው። እዚያም አብሮ አደጓን፣ ማለትም በአንድ ሰፈር አፈር ፈጭቶ፣ ውኃ ተራጭቶ አብሯት ያደገውን ወንድ፣ እንጨት ሲፈልጥ ታገኘዋለች። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ሚስቱ የሞተችበት እንጂ የተፋታ አይደለም፤ የተፋታ ቢሆን ጥፋቱ የማን ነበር የሚል ጥያቄ ስለሚከተልና ሁለት ሰዓት ለዚያ ምርመራ ስለማይበቃ ነው። ከዚያ ብስኩት ይጋገራል፣ ዛፍ ይሸለማል፣ በረዶ ይዘንባል፤ ዘጠኝ ክፍል ካለው ታሪክ በሰባተኛው ገደማ አንዱ የሌላውን ወሬ በከፊል ሰምቶ ይቀየማል፣ በዘጠነኛው ይታረቃሉ። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ የሚቀረጹት በካናዳ ከተሞች በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት በመሆኑ፣ ተዋንያኑ ካፖርትና የሱፍ ሻርፕ ለብሰው በላብ እየታጠቡ፣ በማሽን በተረጨ አረፋ ላይ ብርድ እንደያዘው ሰው እየተንዘፈዘፉ፣ በሦስት ሳምንት ገደማ ሥራቸውን ይጨርሳሉ። ይህን ሁሉ ተናግሮ ፊልሙን መናቅ ግን ተገቢ አይሆንም፤ ተረትም ቢሆን መጨረሻው ታውቆ የሚሰማ ነገር ነው።

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ተጀምሮ የበዓል ዝግጅት የራሱን መልክ ሲይዝ፣ ፍቅር የጎላ ቦታ አላገኘም። በጥልፍ ቀሚስ የደመቀች አስተዋዋቂ፣ የተጎዘጎዘ ቄጤማ፣ የሚጤስ ዕጣን፣ ተራ በተራ የሚገቡ ድምፃውያንና በመካከሉ አጭር ቀልድ የበዓል ፕሮግራም ቋሚ አካላት ሲሆኑ፣ ልመንህና አለባቸው፣ ደረጀና ሀብቴ የመሳሰሉት ጥንዶች የገነኑትም በዚህ ዓይነቱ ቀልድ ነው። በዓልን የሚመለከተው የአገር ውስጥ ድራማ በአብዛኛው የሚያውቀው ባለትዳሮችን እንጂ ፍቅረኞችን አይደለም፤ ጠባቸውም የሚነሣው በበግ ዋጋ፣ በሽንኩርት ማነስና ሳይነገር በመጣ የባል ዘመድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ማቅረብ ሲጀምር ፍቅር ወደ ሳሎን በሰፊው ገባ፤ የፈረንጅ የገና ፊልም ግን ከዚያም በፊት በዲሽ፣ በትርጉም ፊልምና በስልክ ጥገና ሱቅ ፍላሽ ላይ እየተጫነ እስከ ወለጋዋ ነቀምት ይደርስ ነበር። ጫኚው ወጣት ስለ ይዘቱ ሲጠየቅ «የፍቅር ነው፤ ያምራል» ከማለት አልፎ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ እንደ ሒስ ከታየም ከብዙ ሒስ የተሻለ ነው።

ፊልሙን ከነቀምት ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ፣ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ በሚወርደው የዲጋ ወረዳ ላይ ለመትከል የሚሞክር ደራሲ መጀመሪያ የሚጋጨው ከቀን መቁጠሪያ ጋር ነው። የፈረንጆቹ ገና የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ በኢትዮጵያ ታኅሣሥ 16 ሲሆን፣ ይህም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ በሚጾመው ጾመ ነቢያት መካከል ማለት ነው፤ ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ በቅቤና በእንቁላል የሚጋገረው ብስኩት፣ ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ለምትመለከት ጿሚ እናት ፈተና እንጂ መዝናኛ አይሆንም፤ መሳሳሙማ ከነጭራሹ ሪሞቱ ከእጅ የሚነጠቅበት ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያው ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 የሚውል ሲሆን፣ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ሥርዓቱን በሚጠብቅ ቤት ሰርግ አይደገስም። የፊልሙ ሁለት ፍቅረኞች በዋዜማው ሊጋቡ ቢወስኑ፣ የሚያጋባ ቄስ ቢገኝ እንኳ ለእንግዳ የሚቀርበው የምስር ወጥ ነው፤ በምስር ወጥ የተዳረ ሰው ደግሞ ትዳሩ ሃያ ዓመት ቢቆይም «ያ የጾም ሰርግ» መባሉ አይቀርለትም።

ዲጋ ያለችበት የወለጋ ገና የራሱ መዝናኛ ስላለው ፍቅርን አልተቸገረበትም። በአፋን ኦሮሞ በዓሉ አያና ቂሌ የሚል ስም አለው፤ ቂሌ የሚባለውም በሌላው የአገሪቱ ክፍል የገና ጨዋታ የሚባለው፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩርን፣ ማለትም ኳሷን፣ እየመቱ ወደ ተቃራኒ ወገን የማድረስ ፍልሚያ ነው። የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፣ ሜዳው ጠርዝ የለውም፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተሰልፈው በታጨደ የጤፍ ማሳ ላይ ሲራወጡ ሩሯ ከአቧራው ውስጥ ትጠፋና የሚመታው ሩር ይሁን ቁርጭምጭሚት መለየት ያዳግታል። የተመታው ሰው ሁለት እጁን በቅልጥሙ ላይ አጥልፎ እየተሽከረከረ፣ መቺው ይቅርታ እንደመጠየቅ «ከፊት ለፊት ማን ቁም አለህ!» ሲለው ይሰማል፤ በዚያ ቀን በቂሌ ሜዳ ላይ የተፈጠረ ነገር ለቂም እንደማይበቃ የቆየ ስምምነት አለ። በፊልሙ ሁለቱ አብሮ አደጎች በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ እግሯ ከድቷት እቅፉ ውስጥ የምትወድቅበት ትዕይንት በዲጋ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ብቻ ነው፤ የሚወድቀው ግን እሱ ነው፣ የሚያነሡትም አራት ጎረምሶች ናቸው፤ የልጅቷ ድርሻ ማታ በአጥር ጥግ ስታልፍ «እግርህ እንዴት ሆነ?» ብላ መጠየቅ ነው። በመንደሩ ሚዛን ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ማን እንደጠየቀ፣ ስንት ጊዜ እንደጠየቀችና መልስ ሳትጠብቅ መሄድ አለመሄዷ እስከ ማግስቱ ቡና ድረስ ይተነተናል።

በወንጌላውያን ዘንድ ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በወለጋ ሥሯ የጠለቀ በመሆኑ፣ በነቀምትና በዙሪያዋ ያሉ ብዙ አብሮ አደጎች የተዋወቁት በሰንበት ትምህርት ቤት፣ የተቀራረቡት ደግሞ በመዘምራን ቡድን ውስጥ ነው። የገና ፕሮግራም ልምምድ ከኅዳር ጀምሮ አመሻሹ ላይ ይካሄዳል፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ሁልጊዜ ይዘገያል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተር እስኪነሣ በጨለማ የተዘመረው መዝሙር ከሁሉ አምሮ ይሰማል። ሕፃናቱ የልደቱን ድራማ ሲያጠኑ እረኞቹ የአባቶቻቸውን ጋቢ ይደርባሉ፤ ሰብአ ሰገል፣ ማለትም ከምሥራቅ የመጡት ጠቢባን፣ የእናቶቻቸውን ሻሽ ይጠመጥማሉ፤ መልአኩ ከአልጋ አጎበር የተቆረጠ ክንፍ ይተከልለታል። ልምምዱ ሲያበቃ ሴቶቹን ወደየቤታቸው የመሸኘት ኃላፊነት በወንዶቹ ላይ ስለሚወድቅ፣ ቤቱ በቡርቃ ጃቶ በኩል የሆነ ወጣት ወደ ሌላኛው የከተማው ጫፍ የሚሸኝ ሰው ሆኖ ሲገኝ፣ የቡድኑ አባላት በመንፈሳዊ ትሕትና ዝም ይላሉ። ከአሜሪካው ፊልም ጋር በጣም የሚቀራረበው የወለጋ እውነታ ምናልባት ይህ ነው፤ ልዩነቱ፣ እዚህ ነገሩ ከጠና የሚቀጥለው ትዕይንት መሳሳም ሳይሆን የጋብቻ ትምህርት መሆኑ ነው።

ፊልሙ የሚጀምርበት የመመለስ ጉዞም ማስተካከያ ይሻል። ባለታሪኳ በአሜሪካ የተከራየችውን መኪና እየነዳች፣ አንድ ዘፈን ሳያልቅ የትውልድ ከተማዋ ትደርሳለች። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት ያለው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ የሚያልፍ፣ ጉደር ላይ ሽንኩርት የሚገዛበት፣ ባኮ ላይ በቆሎ በመስኮት የሚገባበት የቀን ጉዞ ነው፤ ወደ ቤተሰቧ ባዶ እጇን የማትሄድ ልጅ በእግሯ ሥር ዘይት፣ በጭኗ ላይ የኬክ ካርቶን፣ ከላይዋ የሰው ዶሮ ይዛ ስለምትጓዝ፣ ስለ ቀድሞ ፍቅር በመስኮት እያዩ የመተከዝ ዕድሉ ጠባብ ነው። ወደ ምዕራብ መመለስ ቀላል ሆኖ የማያውቅ ጉዳይ መሆኑንም ታሪክ ይመሰክራል፤ በልጅነቱ ለባርነት ተወስዶ በምጽዋ ነፃ የወጣው፣ በኋላም ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በ1899 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ ያሳተመው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቹ ለመግባት ሞክሮ ከተመለሰ በኋላ ወለጋ የደረሰው በ1904 ነበር፤ ያኔም ነቀምት ላይ ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ በክብር ተቀበሉት። ከዚህ ጉዞ ጎን ሲቆም የፊልሟ ባለታሪክ በመንገድ ጎማ ፈነዳብኝ ብላ ማልቀሷ ትንሽ ያሳፍራል። በቅርብ ዓመታትም መንገዱ የተዘጋባቸው በዓላት ነበሩ፤ ምክንያቱ በፊልም እንደሚታየው የበረዶ ክምር አልነበረም፤ በ2012 ዓ.ም. የገና ሰሞን በምዕራቡ የወለጋ ክፍል ስልክ ሳይቀር ተቋርጦ ስለነበር እንኳን ለአብሮ አደግ ለእናትም «እንኳን አደረሰሽ» ማለት አልተቻለም። በዚህ ላይ ግን ወግ አይጻፍም።

ሊዘጋ የደረሰውን የቤተሰብ ሥራ በተመለከተ ዲጋ ለደራሲው ሰፊ ምርጫ ትሰጣለች። በዓለም ገበያ ለቀምት በሚል ስም የሚታወቀው ቡና ከዚህ አካባቢ የሚወጣ ሲሆን፣ ለቀማው የሚያበቃው በዚሁ በገና ዙሪያ በመሆኑ፣ ልጅቷ በመጣችበት ሳምንት ቤቱ ሁሉ በቡና ማስጫ ተጠምዶ ታገኘዋለች፤ ከተማ ያወጣችው ጥፍር ቀለም እስከ ማታ አይቆይም። በሸለቆው የሚበቅለው ማንጎም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ ስኬል የተባለው ተባይ ቅጠሉንና ፍሬውን ስለሚያበላሽ፣ እውነተኛ ባላንጣ የሚፈልግ ደራሲ ሱፍ የለበሰውን እጮኛ ትቶ ይህን ተባይ ቢይዝ ያዋጣዋል። ባለታሪኩ አናጢ የሚሠራው ውብ የእንጨት ቤት ግን በዲጋ ቆላ መቆም መቻሉ ያጠራጥራል፤ ምስጥ የአካባቢው ዋና ችግር ነውና፣ የፊልሙ የመጨረሻ መሳሳም ከሚደረግበት በረንዳ ላይ ሁለቱ ከነፍቅራቸው ሊወርዱ ይችላሉ። በረዶውንም መተው ይሻላል፤ በታኅሣሥ ወለጋ ፀሐይ ነው፤ በክረምት የሚወርደው በረዶ ደግሞ ሰብል የሚያረግፍ መዓት በመሆኑ ሲዘንብ ዓይኑን ጨፍኖ ምላሱን የሚያወጣ ገበሬ አልታየም።

እስካሁን የተነሡት ሁሉ የመልክዓ ምድርና የምግብ ጉዳዮች ስለሆኑ ብልህ አዘጋጅ ያልፋቸዋል፤ ፊልሙ በእርግጥ የሚፈተነው አብሮ አደግ በሚለው በራሱ በመሠረቱ ላይ ነው። በአሜሪካው ታሪክ አብሮ ማደግ ለፍቅር የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው፤ በዲጋ መንደር ግን አብሮ ያደገ ሰው ዘመድ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ወዲያው ይነሣል። በኦሮሞ ባህል ከአንድ ጎሳ፣ ማለትም በአባት በኩል ከአንድ አያት ከሚወለድ ወገን፣ መጋባት ነውር ነው፤ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድም ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ደም ባይገናኝ እንኳ የልጁ እናት ልጅቷን ክርስትና አንሥታ ከሆነ ሁለቱ ቤቶች አበልጅ ናቸውና ነገሩ እዚያው ያበቃል። በዚህ ላይ ጉዲፈቻ አለ፤ በዚህ ሥርዓት ከሌላ ቤት መጥቶ ያደገ ልጅ ከአብራክ እንደወጣ ልጅ በአሳዳጊው ጎሳ ውስጥ ስለሚቆጠር፣ የአሳዳጊው ልጆች እኅትና ወንድሞቹ ናቸው። ሐርመ ሆዳም አለ፤ ይህም አንድ ሰው የሌላውን ሰው ጡት በምሳሌ ጠብቶ ልጁ የሚሆንበት የቆየ የዝምድና ማሰሪያ ሲሆን፣ አያቶች በአንድ ዘመን በአንድ የችግር ቀን ያደረጉት ነገር የልጅ ልጆችን ፍቅር ይዞ ይቀራል። እንዲህ ባለ አገር በአንድ ሰፈር አብረው ያደጉ፣ ግን በአባት፣ በእናት፣ በክርስትና፣ በጡትና በጉዲፈቻ የማይገናኙ ሁለት ወጣቶችን ማግኘት ራሱን የቻለ የፊልም ታሪክ ይወጣዋል።

እንዲያውም አለመግባባቱ ሳይሆን ዘር ቆጠራው ሰባተኛው ክፍል ላይ ቢገባ ፊልሙ ይጠቀማል። ትዕይንቱን ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ በርጩማ፣ አንድ ከዘራና ዕድሜው የገፋ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌው በከዘራው ጫፍ መሬት ላይ ሁለት መስመር ያሰምራል፤ በግራው የልጁን፣ በቀኙ የልጅቷን አባቶች እየጠራ በእያንዳንዱ ስም ላይ ጭረት ይጨምራል። አራተኛው ላይ ሲደርስ ስሙ ከሁለቱም መስመር ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፤ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ልጅቷ ከጓዳ በኩል የቡና ሲኒ ታስቀምጣለች። ከዚያ «ይኼኛው የሌቃው ነው፤ ያኛው ከዲዴሳ ማዶ የመጣው ነው፤ ስማቸው እንጂ ሰዎቹ አንድ አይደሉም» ተብሎ ይቀጥላል። ስድስተኛው ላይ ደግሞ ስም ይረሳል። የሚያውቁት አዴ እገሊት፣ አዴ ማለት በአካባቢው ለተከበረች ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው፣ ወደ ጎረቤት ወረዳ ለቅሶ ሄደዋል፤ የሚመለሱት ሐሙስ ነው። ማስታወቂያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሐሙስ ደርሰው አዴ ሲጠየቁም የተረሳውን ስም ከመንገራቸው በፊት ማን ማንን ሊያገባ እንደሆነ፣ ለምን ቀደም ሲል እንዳልተነገራቸውና ቡናው ለምን ስልቻ ስልቻ እንደሚል ማጣራታቸው የማይቀር ነው።

ዘሩ ጠርቶ ከወጣ ወደ ሽማግሌ ይኬዳል። የልጁ ወገን ጃርሳዎች፣ ማለትም ሽማግሌዎች፣ በማለዳ ከልጅቷ ቤት ደጃፍ ቆመው «ኦቦ፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን መጥተናል» ይላሉ፤ ኦቦ ለአባወራ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ልጅቷና ልጁ በአንድ ገበታ የበሉ፣ በአንድ ወንበር የተማሩ መሆናቸውን አገር እያወቀ፣ አባት የልጁን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰሙ ሆነው «የማን ልጅ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሴት ልጅ ያለው ቤት ለመጀመሪያ ጥያቄ እሺ ካለ የቸኮለ ስለሚመስል ነው። «ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ» ይባላል፤ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፤ አጎት አልመጣም ይባላል፤ ደግሞ ይመለሳሉ። በአሜሪካው ፊልም ልጁ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሮጦ ልቡን በአንድ ደቂቃ ንግግር ሲያራግፍ፣ በዲጋ ልቡን የሚያራግፉለት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እሱ ከቡና ዛፍ ሥር ተቀምጦ ውጤት ይጠብቃል፤ ንግግራቸውም ስለ ፍቅር አንድ ቃል ሳያነሣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አባቱ ትዕግሥትና አንድ ጊዜ ለሰፈሩ ድልድይ ስለ ተሸከመው ግንድ ይተርካል።

ልጅቷ በዚህ ሁሉ ዝም ብላ ትጠብቃለች ብሎ የሚያስብ ተመልካች ቢኖር ባህሉን ባለማወቅ ነው። አሴና በሚባለው ጥንታዊ የጋብቻ መንገድ፣ ሴቷ ራሷ ተነሥታ የወደደችው ወንድ ቤት ትገባለች፤ ገብታም ትቀመጣለች፤ የልጁ ቤተሰብ እሷን ማስወጣት ነውር ስለሚሆንበት ግራ የሚገባው ልጁና ወላጆቹ እንጂ እሷ አይደለችም። ጥሎሽ የሚያዝዙ፣ ቀጠሮ የሚያራዝሙና አጎት የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ሁሉ በአንድ ማታ ሥራ ፈት ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ሽምግልናው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ወረቀት ማስተካከል ብቻ ነው። የሆልማርክ ባለታሪኮች እስከ ዘጠነኛው ክፍል የሚያመነቱትን ነገር ይህች ሴት በሁለተኛው ትጨርሰዋለች፤ ጣቢያው ለቀሪው አንድ ሰዓት ተኩል ሌላ ነገር መፈለግ ይኖርበታል።

ፊልሙን የገና ማለት ራሱ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም። የሚጋቡ ልጆች ዓይን ለዓይን የሚተያዩበት በዓል በዚህ አገር ጥምቀት ነው፤ ከገና 12 ቀን ቆይቶ ጥር 11 ሲደርስ፣ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ ሣጥን ይገለበጣል፤ በብዙ አካባቢ ጎረምሳው ሎሚ ወርውሮ የወደዳትን የሚያሳውቀው በዚያ ቀን ነው። ማግስቱ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ፣ ማለትም ክርስቶስ በሰርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወይን ያደረገበት ቀን የሚታሰብበት በዓል በመሆኑ፣ ከዚያ ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ጤፉ ተወቅቷል፣ ቡናው ተሽጧል፣ የዕቁብ ዕጣ ወጥቷል፤ ድንኳንና ወንበር የሚያከራየው ሰው በዓመቱ ትልቁ ባለሥልጣን ሆኗል። እንግዳው በጩምቦና በዶሮ ወጥ ሲጠግብ፣ ያልተፈለፈለ የቡና ፍሬ በቅቤ ተጠብሶ የሚቀርብበት ቡና ቀላ ለትልልቆቹ ይዞራል።

የወለጋን እውነተኛ የቴሌቪዥን የፍቅር ፊልም ለማግኘትም ከዚህ ድንኳን ራቅ ብሎ መሄድ አያስፈልግም፤ ስሙም የሰርግ ቪዲዮ ይባላል። ዳይሬክተሩ ካሜራማኑ ነው፤ ሙሽሮቹን ከነቀምት ዛፍ ወዳለበት ሜዳ ወስዶ «ጋሼ፣ እጇን ያዝ፣ ወደ ላይ ተመልከት፣ አንቺ ደግሞ ሣቂ፣ ጥርስሽን ሳታሳዪ» እያለ ያዛል፤ አብሮ አደጎቹ ከልጅነት ጀምሮ ሲተያዩ የኖሩትን እንደ አዲስ ከዛፍ ጀርባ ተደብቀው እንዲፈላለጉ ያደርጋቸዋል፤ በመጨረሻም አማት ዞር ባሉበት ቅጽበት ግንባሯን አስሞ የአሜሪካውን ዘጠነኛ ክፍል በአንድ ሰከንድ ይጨርሰዋል። ሥራው ለቤት ተመልካች ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ ርዝመቱ ከሆልማርክ እጥፍ ነው፤ ዘፈኑ በየትዕይንቱ ይለዋወጣል፤ የሁለቱ ስም በሚሽከረከር ልብ ውስጥ ተጽፎ ይወጣል። የሚታይበት ዋና ጊዜም የሚቀጥለው ገና ነው፤ እንግዳ ለበዓል ሲመጣ ፍላሹ ይሰካል፤ ባለቤቲቱ ቡና እየቆላች «እዚህ ጋ እያት፣ እንዴት ቀጭን ነበርኩ» ትላለች፤ ሕፃኑ ምንጣፉ ላይ ይድሃል። ከእንግዶቹ አንዱ ግን ፍቅሩን አያይም፤ በዚያ ቀን በሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ እንደነበረና አዲስ ኮት እንደለበሰ ስለሚያስታውስ፣ ምግብ ወደሚነሣበት ክፍል እንዲመለስለት፣ ቀስ ብሎም እንዲሄድለት ሪሞቱን የያዘውን ልጅ ይለምናል።